ጎመኑን የተፋ ልጅ ጎመን ጠላ ማለት አይደለም

ማታ 1 ሰዓት ገደማ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስትወጡ ከየቤቱ ተመሳሳይ ድምፅ ትሰማላችሁ። «አንዴ ብቻ! ይቺን ብቻ!» «በል ለአባዬ ስትል!» «ካልበላህ ለማሙሽ ነው የምሰጠው!» እናት ቀኑን ሙሉ ሥራ ውላለች። ታክሲ ተሰልፋ፣ ተጋፍታ ነው የገባችው። እንደገባች ጎመኑን ከትፋ፣ ቀቅላ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት አቁላልታ አቀረበች። የሁለት ዓመት ተኩሉ ጌታ ግን ገና ምላሱን ሲነካው በሁለት ጣቱ አወጣና ምንጣፉ ላይ ለጠፈው።

ያበሽቃል። ግን ልጁ ያለ ምክንያት አላደረገውም። ምክንያቱን ያወቀ ወላጅ ቢያንስ ከግማሹ ጭቅጭቅ ይገላገላል።

ከዕድገቱ እንጀምር። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመቱ በሚያድግበት ፍጥነት ከዚያ በኋላ አያድግም። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ የመጀመሪያ ልደቱ ላይ 9 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው ቢበዛ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ነው። ዕድገቱ ሲረጋ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይረጋል። እኛ ቤት ጉድ የሚፈላው ታዲያ ይሄኔ ነው። «ዓይን በላው» ይባላል። «ሠራተኛዋ አታበላውም» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ምንም አልሆነም። የሚያስፈልገው መጠን ቀንሶ ነው። ደግሞም የልጅን መብል በአንድ ማዕድ መለካት ያሳስታል። ጠዋት ሁለት ጉርሻ በልቶ የተነሳ ልጅ ከሰዓት በኋላ አካክሶ ይበላል። መታየት ያለበት የቀኑ፣ እንዲያውም የሳምንቱ ድምር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ምላስ ነው። ሰው ሲወለድ ጀምሮ ጣፋጭ ይወዳል፣ መራራ ይሸሻል። የጡት ወተት ጣፋጭ ነው። መርዝ ያለባቸው ብዙ ዕፅዋት ደግሞ መራራ ናቸው። ስለዚህ ምላስ መራራን ሲጠራጠር ሥራውን እየሠራ ነው። ጎመንም ቆስጣም ትንሽ ምሬት አላቸው። እኛ ስለለመድናቸው አይታወቀንም እንጂ። ሙዝን ለመውደድ ማንም ልጅ አስተማሪ አላስፈለገውም፤ ጎመን ግን ልምምድ ይጠይቃል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከት የነበረ ልጅ አንድ ዓመት ተኩል አልፎት ወደ ሁለት ሲጠጋ ድንገት መራጭ ይሆናል። አዲስ ነገር ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ትናንት የበላውን ዛሬ እምቢ ይላል። ይህ ጠባይ በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ይበረታና ከዚያ እየላላ ይሄዳል። ለምን በዚህ ዕድሜ? ተመራማሪዎች የሚሰጡት ግምት አሳማኝ ነው። ልጅ በእግሩ ሄዶ ከእናቱ ዓይን የሚርቀው ይሄኔ ነው። ያገኘውን ቅጠልና ፍሬ ሁሉ የሚጎርስ ቢሆን ኖሮ ብዙ አይቆይም ነበር። መጠራጠሩ ጠብቆታል።

እንግዲህ ልጁ ጎመኑን ሲተፋ «ጎመን አልወድም» ማለቱ አይደለም። «ይሄን ነገር ገና አላውቀውም» ማለቱ ነው። መፍትሔውም ማስተዋወቅ ነው፣ ደጋግሞ።

ስንቴ? ጥናቶች የሚያሳዩት አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ሊያስፈልገው እንደሚችል ነው። ብዙ ወላጅ ግን ሦስት አራት ጊዜ ሞክሮ «የእኔ ልጅ አትክልት አይበላም» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ይባስ ብሎ ልጁ እየሰማ ለጎረቤት ይናገረዋል። ልጅ የተባለውን ይሆናል። ከዚያ በኋላ «እኔ አትክልት አልበላም» የማንነቱ አካል ይሆንና ማስለቀቁ ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

15 ጊዜ ሲባል 15 ሳህን ጎመን መጣያ ይግባ ማለት አይደለም። በዚህ ኑሮ ማን ይችለዋል? መጠኑ የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ቤተሰቡ ከሚበላው ላይ፣ ልጁ ከሚወደው ምግብ ጎን ቁጭ ይበል። ዛሬ ቢያየው ጥሩ። ነገ ቢነካው፣ ቢያሸተው ጥሩ። ከነገ ወዲያ ልሶ ቢመልሰው እሱም እድገት ነው። መትፋት እንደሚችል ካወቀ ለመቅመስ ይደፍራል። ስለዚህ «ከተፋህ ወዮልህ» ከማለት ትንሽ ሶፍት አጠገቡ ማስቀመጥ ይሻላል።

ስንት ዓይነት በላ?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ሒሳብ አለ። «ልጄ ሁሉን ይበላል፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች» የምትል እናት አምስት ዓይነት የቆጠረች ይመስላታል። በሥነ ምግብ ባለሙያ ዓይን አምስቱም አንድ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች ምግብን በስምንት ይመድባል። የእናት ጡት አንዱ ነው። እህልና ሥራሥር፣ ድንችን ጨምሮ፣ አንድ ላይ ይቆጠራሉ። ከዚያ ጥራጥሬና ለውዝ፣ ወተትና ተዋጽኦው፣ ሥጋ ዶሮና ዓሣ፣ እንቁላል፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸጉ አትክልትና ፍራፍሬዎች፣ በመጨረሻም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች ይመጣሉ። ልጅ በቀን ቢያንስ ከአምስቱ ማግኘት አለበት።

በዚህ ሒሳብ ሽሮ በእንጀራ ሁለት ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ሦስት ይሆናል። አንድ እንቁላልና ቁራሽ ፓፓያ ወይም የተቀቀለ ዱባ ሲጨመር አምስት ሞላ። ሥጋ መግዛት ግድ አልሆነም። ቢሆንም በ2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በዚህ ዕድሜ ካሉ ልጆች አምስቱን ያገኙት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያው ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ነው የተነሳው። ድህነት ትልቁ ምክንያት እንደሆነ ግልጽ ነው። ግን ገንዘቡ እያለ ልጁ በፓስታና በብስኩት የሚያድግበት ቤትም ሰፈራችን ሞልቷል።

ጉርሻን አትንኩብን፣ ግን

ጉርሻ ፍቅር ነው። ማንም አያስጥለንም። ችግሩ ለልጅ ሲሆን ጉርሻው አንዳንዴ ጠባዩን ይለውጣል። ልጁ አፉን ሳይከፍት እጃችን ደርሷል። ጭንቅላቱን ሲያዞር ተከትለነው እንዞራለን። ቀድሞ ደግሞ የባሰ ነበር። ሕፃን አስተኝቶ አጥሚት መጋት የደግ ሞግዚት ሙያ ተደርጎ ይታይ ነበር። አደገኛ ነው፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

በግድ የሚበላ ልጅ ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ፣ መጥገቡን ማዳመጥ ያቆማል። ሁለተኛ፣ ያንን ምግብ ከትግል ጋር አያይዞ ያስታውሰዋል። በስልክ ካርቱን እያሳዩ ማጉረስም ብዙም አይለይም። አፉ ይከፈታል፣ ሳህኑ ያልቃል፣ እናት ተገላገለች። ልጁ ግን የበላው ካሮት ይሁን ካርቶን አላየውም። ያላየውን እንዴት ይልመደው?

ኤሊን ሳተር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስተዋወቁት የሥራ ክፍፍል እዚህ ላይ ይረዳል። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የአዋቂው ውሳኔ ነው። መብላት አለመብላቱ፣ ስንት መብላቱ ደግሞ የልጁ ነው። ለእኛ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጆሮ ይቆረቁራል። «ልጅ ምን ያውቃል?» እንላለን። ግን ዋናው ሥልጣን አሁንም በእኛ እጅ ነው፤ ገበያ የምንሄደው እኛ ነን።

በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ክላራ ዴቪስ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪም ይህንኑ ሞክረው ነበር። ጡት ለጣሉ ሕፃናት የተለያየ ምግብ በትሪ አቀረቡላቸውና ራሳቸው እንዲመርጡ ተዉአቸው። ልጆቹ ምርጫቸው ቢዥጎረጎርም ደህና አደጉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ልጅን ልቀቀው፣ ሰውነቱ ያውቃል» ብሎ ይደመድማል። ዋናው ጉዳይ ግን ትሪው ላይ ነው። ከረሜላ አልነበረም። ስኳርም አልነበረም። ሁሉም ያልተቀነባበረ፣ ጤናማ ምግብ ነበር። ከዚያ መካከል የቱንም ቢመርጥ አይከስርም።

ጉርሻውን ግን አታቁሙ። ማንኪያውን ወይም እጃችሁን ከአፉ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙና ጠብቁት። ራሱ ጠጋ ካለ ይጉረስ። ካልመጣ ይለፍ። እኔ ከሁሉ የምወደው ደግሞ መገልበጡን ነው፤ ልጁ ያጉርሳችሁ። ጎመኑን በትንሽ ጣቶቹ ጠቅልሎ፣ ግማሹን መንገድ ላይ አንጠባጥቦ ወደ አፋችሁ ያመጣል። «አቤት ሲጥም!» ስትሉ የቀረውን እጁን ይልሳል። ቀመሰ ማለት ነው፤ ማንም ሳያስገድደው።

ጉሊት ሄዶ መምረጥ

የከተማ ዳር ኑሮ መንገዱ ቢሰለችም ለዚህ ጉዳይ ይመቻል። ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ የትም ብትሄዱ ከግቢው በር ሳትርቁ ጉሊት አለ። ልጅን ይዞ ወጥቶ «አንተ ምረጥ» ማለት ምንም አያስወጣም። ባለፈው ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ አንዲት ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አክስቷን ይዛ ከጉሊቷ ሴትዮ ፊት ቆማ አየሁ። ሴትዮዋ ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ደርድራለች። ከማዳበሪያው ውስጥ ቅጠሉ ያልተቆረጠ፣ አፈሩ ያልለቀቀ ካሮት መዝዛ ሰጠቻት። «ያዢ የኔ እናት፣ ይሄ ያንቺ ነው። እቤት ሂጂና እጠቢው።» ልጅቷ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አክስቷ ወደ ፌስታሉ ልትከተው ስትል ጮኸች። ያንን ካሮት ማታ ወጥ ውስጥ ስታየው እንደማታውቀው አትሆንም።

ቤት ከገባ በኋላም ሥራ ስጡት። የሁለት ዓመት ልጅ ጎመን ውሃ ውስጥ ማጠብ ይችላል። ኩሽናውን ያጥለቀልቀዋል፤ ቻሉት። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ሰላጣ ይበጥሳል፣ አተር እሸት ይፈለፍላል። እሸት የሚወጣበት ሰሞን ደግሞ ልዩ ነው። ከዛላው ላይ አረንጓዴ ሽምብራ ራሱ ለቅሞ የበላ ልጅ የሽምብራ አሳን አይፈራም። ባልኮኒ ያላችሁ ደግሞ ባዶ የቀለም ባልዲ ግርጌውን ብሱና ሁለት ሦስት የጎመን ችግኝ ትከሉበት። ውሃ የሚያጠጣው ልጁ ይሁን። ራሱ ያሳደገውን ሲቀነጥብ ቅጠሉን ጥሬውን የሚያኝክ ልጅ አይቻለሁ። የእናቱን ወጥ እምቢ የሚለው ያው ልጅ ነው።

ሌላው ሀብታችን አብሮ መብላት ነው። ልጅ ምግብ ደህና መሆኑን የሚያረጋግጠው የሚያምነው ሰው ሲበላው በማየት ነው። ስለዚህ ልጁን ቀድሞ ለብቻው አብልቶ ማስተኛት ይህን ትምህርት ይነጥቀዋል። አባት ጎመኑን ወደ ዳር እየገፋ «ብላ፣ ያጠነክርሃል» ቢል ደግሞ ልጁ የሚያምነው ዓይኑን ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ከትልቅ ትሪ ላይ ልጁ ስንት እንደበላ አይታወቅም። ታላላቆቹ ይፈጥኑበታል። ማዕዱ አንድ ሆኖ ለእሱ ትንሽ ሳህን ቢኖረው መጠኑን ማየት ይቻላል።

የበርበሬውም ነገር ቀላል ነው። በርበሬ ከመግባቱ በፊት የልጁን ድርሻ ቀንሶ ማውጣት። ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ ግን ይቅርበት አይባልም። እንዲያውም የቤታችንን ጣዕም ልጅ የሚተዋወቀው ሳይወለድ ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ ጁሊ ሜኔላና ባልደረቦቻቸው በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች ካሮት ያለበት ገንፎ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን የሚያጨማድዱት ካልጠጡት እናቶች ልጆች ባነሰ ነበር። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ጎረቤት ካለቻችሁ ከገንፎው ሌላ አትክልትና ፍራፍሬም ይዛችሁ ጠይቋት።

ከረሜላ፣ ሻይና ጾም

«ጎመኑን ከጨረስክ ከረሜላ አለህ» ሲባል ልጅ የሚሰማው አንድ ነገር ነው፤ ጎመን ቅጣት፣ ከረሜላ ሽልማት። በጥናት ሲታይም በማባበያ የተበላ ምግብ ማባበያው ሲቀር የመወደዱ ነገር ይቀንሳል። ማባበያው ግን ይበልጥ ይወደዳል። ማመስገን ካስፈለገ መቅመሱን አመስግኑ። ስቲከር መስጠትም ይቻላል።

መዋዕለ ሕፃናት የሚሄድ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ብስኩትና የታሸገ ጁስ ብዙ ጊዜ ከይሉኝታ የመጣ ነው። «ልጄ ከሰው እንዳያንስ» እንላለን። የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ አቮካዶ የተቀባበት ዳቦ ከዚያ አያንስም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስኳር ያለባቸው መጠጦች ጭራሽ አይሰጡ ይላል። ጣፋጭ ነገር በር ላይ ሱቅ እያለ ፈጽሞ አይቀምስም ብሎ መማል ግን አያዋጣም። ቤት ውስጥ አለማከማቸቱ ይቀላል።

ሻይ በዳቦ የብዙ ልጆች ቁርስ ነው። እሱን ቢቀንሱ እመክራለሁ። ሻይ ውስጥ ያለው ነገር ሰውነት ከምግብ ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። ጤፍ፣ ምስርና ጎመን ብረት አላቸው፤ ነገር ግን ከሥጋ እንደሚገኘው በቀላሉ አይወሰድም። ቲማቲም፣ ብርቱካን ወይም ጠብታ ሎሚ አብሮ ሲኖር ይሻሻላል። ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች ደግሞ በትንሽ ዘይት ሲሠሩ ቫይታሚን ኤው ለሰውነት ይደርሳል።

ጾምን በተመለከተ፣ በኦርቶዶክስ ቤት ልጅ እስከ ሰባት ዓመቱ መጾም አይጠበቅበትም። ሆኖም ዕቃ እንዳይነካካ ሲባል እንቁላሉም ወተቱም ከቤት ይጠፋና ልጁ ሳይፈልግ አብሮ ይጾማል። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲደመርበት ለሁለት ዓመት ልጅ ትልቅ ጉዳት ነው። ትንሽ የልጅ ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነገሩን ይፈታዋል። ብዙ እናቶች ይህንን ያደርጋሉ።

መሞከር የሌለባቸውም አሉ። ቆሎና ሙሉ ለውዝ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ያንቃል። ለውዙን ፈጭቶ ገንፎ ላይ መጨመር ይቻላል። ጥሬ ካሮት ለትንሽ ልጅ ይፈቅፈቅ ወይም ይቀቀል። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላ አይቀመስም፤ ሕፃናትን ክፉኛ የሚመርዝ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ልጅ ሲበላ ቁጭ ብሎ ይብላ፤ እየሮጠ አይሆንም።

መራጭነት ሁሉ ደግሞ «ዕድሜው ነው» ተብሎ አይታለፍም። ክብደቱ ከወር ወር ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ፣ ሲውጥ በተደጋጋሚ የሚታነቅ ከሆነ፣ የሚበላቸው ምግቦች ቁጥር እያነሰ ከመጣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እዚያ የክንዱን ዙሪያ በባለቀለም ሜትር ይለኩታል። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ ምግብ እጥረት ነው፤ ቀይ ላይ ያርፋል። ከሁለት ዓመት ጀምሮ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን የትላትል መድኃኒትም ጠይቁ፤ ሆዱ ትል የያዘ ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ሊዘጋ ይችላል። አፈር ወይም ጭቃ የሚበላ ልጅ ካላችሁ ደግሞ እጁን ከመምታታችሁ በፊት ደሙን አስመርምሩት። ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነው፤ መድኃኒትም አለው።